ኮምፒዩተር የወለዳቸው እህትና ወንድም

ግድግዳ ላይ የስም ዝርዝር ተለጥፎ ካየሁ ቆሜ ሳላነብ አላልፍም። የፈተና ውጤት ይሁን፣ የስኳር ኮታ የደረሳቸው ይሁን፣ የቀበሌ ጥበቃ ተረኛ ይሁን፣ ለእኔ ሁሉም አንድ ነው። ከዝርዝሩ ውስጥ የማውቀው ሰው አለመኖሩ ቅር አይለኝም፤ እንዲያውም የማላውቀው ነው የሚጥመኝ። «ይሄ ማንደፍሮ የሚባል ሰውዬ ማን ደፍሮት ይሆን?» እያልኩ ስፈላሰፍ አውቶቡስ ያመለጠኝ ጊዜ ብዙ ነው። እናቴ «ያንቺ አፍንጫ ከእግርሽ ቀድሞ ይደርሳል» ትለኝ ነበር።

እንዲህ ያለችውን ሰው ነው እንግዲህ መንግሥት ወስዶ መዝገብ ቤት የቀጠራት። ዝንብን የማር ቤት ዘበኛ ማድረግ ማለት ይሄ ነው።

መሥሪያ ቤታችን ኮልፌ የሚገኝ የመንግሥት የእንጨት ሥራ ድርጅት ነበር። በርና መስኮት፣ የተማሪ ዴስክ፣ አልጋ፣ ከታዘዘም የሬሳ ሣጥን ይሠራል። ያኔ ዓለም ባንክ የሚባለው ሰፈር ገና ቤቶቹ እየተሠሩ ስለነበር የበርና የመስኮቱ ትእዛዝ ማለቂያ አልነበረውም። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሁላችንም ጓድ ነን። ከጓድነት የምንወጣው በምሳ ሰዓት ብቻ ነበር፤ ያኔ ጭልፋውን የያዘ ሁሉ ጋሼም እትዬም ይባላል።

የሠራተኛው ታሪክ የሚያዘው በካርድ ነበር። ስም ከነአባት ከነአያት፣ የትውልድ ቦታ፣ የአባት ሥራ፣ ቅጣት፣ ምስጋና። ምስጋና የሚለው ቦታ በአብዛኛው ንጹሕ ነው። ድርጅቱ ከመወረሱ በፊት የነበሩት፣ ጡረታ የወጡት፣ የሞቱት፣ አንድ ቀን ከሥራ ቀርተው የት እንደገቡ ያልታወቁትም ሳይቀሩ ካርድ አላቸው። ካርዶቹ ከመሳቢያ ሞልተው ወደ ካርቶን፣ ከካርቶን ተርፈው ወደ ጆንያ ወርደዋል። አንድ ሰው ካርዱን ፈልጎ ሲመጣ «ነገ ተመለስ» እንለዋለን፤ ነገ ሲመለስ «ምነው ትናንት በመጣህ!» እንለዋለን። ከሕዝቡ ጋር እንዲህ ተግባብተን እንኖር ነበር።

በዚህ መሀል ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ተላከልን።

ሣጥኑ ከመኪና ሲወርድ ሠራተኛው ሥራውን ጥሎ ከበበው።

«ያስባል አሉ» አለ አንዱ።

«ማን ፈቅዶለት?» አለ ሌላው። ይሄኛው ወዲያው ግራ ቀኙን አየና ከመሀላችን ተነነ።

የአስተዳደር ኃላፊያችን ጓድ ጥላዬ ለማሽኑ ክፍል አስለቀቁለት። ወለሉ ተወለወለ፣ መጋረጃ ተሰቀለ፣ በሩ ላይ «ጫማ ሳያወልቁ መግባት ክልክል ነው» የሚል ተለጠፈ። አቧራ ጠላቱ ነው ተባለ። እንጨት ቤት ውስጥ! የመጋዝ ዱቄት ከሽሯችን ላይ ጠርገን በምንበላበት ግቢ! ቢሆንም ጫማ ማውለቁ ተጀመረ፤ የሰው ልጅ ምስጢሩን የሚደብቀው በልቡ ሳይሆን በካልሲው መሆኑንም ያወቅኩት ያኔ ነው። ጓድ ጥላዬ ራሳቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገቡ የቀኝ እግራቸው አውራ ጣት ብቅ ብሎ ሁላችንንም ቃኘን። ማንም አልሳቀም። በዚያ ሳምንት ግን ድርጅቱ ውስጥ መርፌና ክር ያልያዘ ሰው አልነበረም።

ሊያሠለጥነኝ የተላከው ልጅ እግር ባለሙያ ትዕግሥተኛ ሰው ነበር። «ካርዶቹን አንድ በአንድ ትጽፊያቸዋለሽ። ከዚያ ወዲያ የፈለግሽውን ስትጠይቂው እሱ ይፈልግልሻል» አለኝ።

«ስም ብቻ ብሰጠው?»

«ይበቃዋል።»

«የአባት ስም ብቻ ብሰጠውስ?»

«አባቱ እንዲያ የሚባለውን ሁሉ ይደረድርልሻል።»

«በአንድ አገር የተወለዱትን በሙሉ ብለውስ?»

«እነሱንም።»

እንዴት ልንገራችሁ! ስንት ዘመን ግድግዳ ሥር ቆሜ አንገቴን ሳንጋጥጥለት የኖርኩት ሰውዬ፣ ስሙን ስጠራው እየሮጠ ሊመጣልኝ ነው!

ችግሩ ማሽኑ አማርኛ አያውቅም፤ የሚቀበለው የላቲን ፊደል ብቻ ነው። ስለዚህ ስም እንዴት ይጻፍ በሚለው ላይ ስብሰባ ተጠራ። በመፈክር ተጀምሮ በኩርፊያ ያለቀ ስብሰባ ነው። የሒሳብ ክፍሏ ፀሐይ ስሟ በሦስት ዓይነት ተጽፎ ቢቀርብላት ሦስቱንም ሰድባ ወጣች። አሠልጣኙ ለጠ፣ ለጨ፣ ለቀ ምልክት እንፍጠር ቢል፣ ጓድ ጥላዬ እጃቸውን አነሱ።

«ጓዶች፣ በዚህ የቁጠባ ዘመን አንድ ፊደል ሁለት ሥራ ቢሠራ ምን ይለዋል? ሠራተኛው ሁለት ፈረቃ እየሠራ አይደለም እንዴ?»

ተጨበጨበ። ጠና ተ፣ ጨና ቸ፣ ቀና ከ በየአንድ ፊደል እንዲያድሩ ተወሰነ።

መጻፍ ጀመርኩ። በመጀመሪያው ቀን ከጠዋት ጀምሬ ጣቶቼ እስኪደነዝዙ ስጽፍ ቆየሁና ገና ቀና ስል ከጓሮ «ግርርር» የሚል ድምፅ መጣ። ኮምፒዩተሩ ድርግም አለ። መልሼ ባበራው ከጻፍኩት ሁሉ አንድም ነፍስ የለም። ትልቁ የግንድ መሰንጠቂያ መጋዝ ሲነሳ ኤሌክትሪኩን ይውጠዋል፤ ማሽኑ ደግሞ አስቀምጥ ካላሉት ምንም አያስቀምጥም።

በካልሲዬ እንደሆንኩ ወደ መጋዙ ቤት በረርኩ። የመጋዙ ኃላፊ ጋሽ መኮንን ናቸው። የቢቸና ሰው፣ ሚስታቸው ከሞተች ቆይቷል፣ ሳንሱሲ አንዲት ክፍል ተከራይተው ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ንግግር አያበዙም፣ ቅንድባቸው በመጋዝ ዱቄት በርዶ የወረደበት ይመስላል።

«ጋሼ! ሰዎቼን ፈጇቸው እኮ!» ብዬ ጮህኩ።

ጋሽ መኮንን ክው አሉ። መጋዙን አጥፍተው፣ ከወገባቸው ታጥፈው መጋዙ ሥር ተመለከቱ።

«የምን ሰዎች ልጄ?» አሉኝ።

ነገሩን ሳስረዳቸው ግንድ ላይ ተቀምጠው ላባቸውን ጠረጉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጋዙን ከማስነሳታቸው በፊት የተንጠለጠለ የሐዲድ ቁራጭ በመዶሻ ይመቱልኛል፤ እኔም ሰዎቼን አስቀምጣለሁ። በዚሁ ወዳጆች ሆንን።

ካርዶቹ ተጽፈው ያለቁት ክረምት አልፎ ነው። ጓድ ጥላዬ ወረቀቱ ዘመን ያለፈበት ነው ብለው በጣውላ ሣጥን አስቸነከሩትና መጋዘን ውስጥ ከግንድ ክምር ሥር አስቀበሩት። እኔ ደግሞ የፍለጋ ሱሰኛ ሆንኩ። «ማንጠግቦሽ» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ሦስት ትመጣልኛለች። መስከረም አንድ ቀን የተወለደ አለ ወይ እላለሁ፤ መዓት ይመጣል። የልደቱን ቀን ያላወቀ ሁሉ አዲስ ዓመት ላይ ተወልዷል። ሰዎችም ጫማቸውን እያወለቁ ይመጡ ጀመር። አገሩ ሰው የሚፈልግ አለ፣ ሞክሼውን የሚፈልግ አለ። አንድ አናጢ ግን ጎንበስ ብሎ፣ «ያለፈውንም ያውቃል እንዴ?» አለኝ በሹክሹክታ። የምጽፍለትን ብቻ ነው የሚያውቀው ስለው በረጅሙ ተንፍሶ፣ «ተባረኪ፣ ብዙ አትጻፊለት» ብሎኝ ሄደ።

ሥራ በቀዘቀዘበት አንድ ከሰዓት፣ እስቲ ዘመዳሞች ይኖሩ ይሆን ብዬ የአባትና የአያት ስም እያጣመርኩ መጠየቅ ያዝኩ። የሚታወቁ ወንድማማቾች መጡ። አባትና ልጅ መጡ። ከዚያ በማላውቀው በኩል ሁለት ስም ተከታትሎ ወጣ። የሁለቱም አባት ታደሰ ነው፤ የሁለቱም አያት ማሽኑ መስታወት ላይ አረንጓዴ በአረንጓዴ ሆኖ በአንድ ዓይነት ፊደል ተጽፏል። አንዱ የራሴው ጋሽ መኮንን ናቸው። ሁለተኛዋ የቀለም ቅብ ክፍሏ እትዬ ወርቄ።

እትዬ ወርቄ ሳቋ ከአጥር ውጪ የሚሰማ፣ እጇ ቫርኒሽ ቫርኒሽ የሚሸት፣ ዘነበወርቅ ሰፈር ብቻዋን የምትኖር ሴት ነበረች። ትዳር ሞክራ አልሆነላትም። የተወለደችው መርሐቤቴ ነው። ጋሽ መኮንን ቢቸና፣ እሷ መርሐቤቴ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያቆም ነበር። እኔ ግን የአባት ሥራ የሚለውን አየሁ። ሁለቱም ጋ «ነጋዴ» ይላል። ነጋዴ ደግሞ አባይን ይሻገራል። አባይን የተሻገረ ነጋዴ አንድ ቤት ብቻ ይኖረዋል ያለው ማነው?

ወደ መጋዙ ቤት ሄድኩ።

«ጋሼ፣ አባትዎ ምን ነበር የሚነግዱት?»

«ጨው። አንዳንዴም ጌሾ።»

«አባይን ይሻገሩ ነበር?»

«ይሻገር እንጂ! ውሃው ከሞላማ ማዶ ይከርም ነበር።»

«ማዶ የት?»

«ምን አውቄ ልጄ፣ ማዶ ነዋ።»

«ማዶ ቤት ነበራቸው ማለት ነው። ጋሼ፣ እህት ሳይኖርዎት አይቀርም። ያውም እዚሁ ግቢ ውስጥ!»

«ኧረ በሕግ አምላክ» አሉ ጋሽ መኮንን። ግን መጋዙን አጠፉት።

እትዬ ወርቄ ዘንድ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም። «አባቴ እኔ ሳልወለድ ነው የሞተው» አለችኝ። «እናቴ ነጋዴ ነበር ከማለት ሌላ ነግራኝ አታውቅም። ወንድም አለሽ ነው የምትዪኝ?» ዓይኗ እንባ ሞላ። ብሩሹን እንደያዘች ወጥታ ሄደች።

ግቢው መሀል ተገናኙ። ጋሽ መኮንን ኮፍያቸውን አወለቁ። እሷ ሄዳ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች፤ ከኋላ ካፖርታቸው ላይ የብሩሹ ቫርኒሽ ከላይ እስከ ታች ተጋደመ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ወንዶቹ አፍንጫቸውን ጠረጉ። ከማተሚያው ያወጣሁትን ወረቀት ሰው ተቀባበለው፤ ገሚሱ ገልብጦ ይዞታል፣ ማንበብ የሚችለውም በየራሱ አፍ እንደመሰለው ያነበዋል። «አፍንጫቸውን እዩ!» አለ አንዱ። ሁሉም አየ። ሁለት ሁለት ቀዳዳ ያለው አፍንጫ ነው፤ እንደ ማስረጃ በሙሉ ድምፅ አለፈ።

ጓድ ጥላዬ ከሁላችንም በላይ ተደሰቱ። የግድግዳ ጋዜጣው ላይ «ሳይንስ ለሰፊው ሕዝብ፦ ኮምፒዩተር እህትና ወንድም አገናኘ» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ወጣ። ሪፖርት ተጽፎ ለሚኒስቴሩ ተላከ። እኔም ለጥቂት ቀን የግቢው ጀግና ሆኜ ሰነበትኩ።

እህትና ወንድሙ ከዚያ ወዲያ አልተለያዩም። ምሳ ከአንድ ሣህን ይበላሉ። እሷ ቁልፋቸውን ትተክላለች፤ እሳቸው ማታ ማታ ዘነበወርቅ ድረስ ይሸኟትና ከዚያ ተመልሰው ወደ ሳንሱሲ ይሄዳሉ። ሰፈሩን የሚያውቅ ይፍረድ፤ አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ነው። የጋሽ መኮንን ቅንድብ ጠራ። ጢማቸው ተላጨ። ሐዲዱን መምታት እየረሱ ሰዎቼን ደጋግመው አጠፉብኝ። እኔ ሞኟ ታዲያ «አይ የእህት ፍቅር!» እያልኩ እገረማለሁ።

አንድ ቀን ጋሽ መኮንን ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ቆሙ። ማሽኑን በጎን አዩት።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ይሳሳታል?»

«ምነው ጋሼ?»

«እንዲያው ነው። ሰው ይሳሳት የለም? እሱም አንዳንዴ... ድካም ቢጤ...»

«በፍጹም! ማሽን አይሳሳትም» አልኳቸው ደረቴን ነፍቼ።

«እንግዲህ እግዜር ያውቃል» አሉና ወጡ። ጫማቸውን ግራና ቀኙን አቀያይረው አድርገው ሲሄዱ በመስኮት አየኋቸው።

እሳቸው በወጡ ብዙም ሳይቆይ እትዬ ወርቄ ገባች።

«አንቺ ልጅ፣ በአባት ብቻ የሆነ እህትነት እኮ ግማሽ ነው፣ አይደል?» አለችኝ።

«ግማሽም ቢሆን እህትነት ነው፣ እትዬ።»

«ሩብ ሊሆን አይችልም?»

«እንዴት ሆኖ?»

ወንበሩ ላይ ዘፍ ብላ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ከነጠላው ውስጥ የወጣውን ቃል እስካሁን አልረሳውም። «እባክሽ የሰጠሽኝን ወንድም መልሰሽ ውሰጂና ሰውየውን ተዪልኝ!»

አንድ ግቢ ውስጥ እየዋሉ የማይቀራረቡ ሁለት ሰዎች ተፈላልገው እንዲገናኙ ያደረግኩ እኔ፤ እንዳይገናኙ የከለከልኳቸውም እኔ። ማታ እራት አልበላልኝ አለ።

በማግስቱ ጓድ ጥላዬ ቢሮ ገባሁና የድሮዎቹ ካርዶች ይከፈቱ፣ ላመሳክር አልኩ።

«ለምን ጉዳይ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ተነሥተው በሩን ዘጉና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሪፖርቱ ሄዷል እኮ! ለሌሎች ድርጅቶች ምሳሌ ሁኑ ተብለን ተመስግነናል። አሁን ምን ብዬ ልጻፍ? ያገናኘናቸው እህትና ወንድም ሊጋቡ ነው ልበል?» አሉኝ።

«ሣጥኑ ይከፈት ነው የምለው።»

«ሣጥኑ ላይ የዓለም ባንክ ቤቶች ጣውላ ተቆልሎበታል። እሱን ለማንሳት ኮሚቴ ያስፈልጋል። ኮሚቴውን ለማቋቋም ምክንያት መጻፍ ያስፈልጋል። ምክንያቱን ደግሞ መጻፍ አልችልም።»

መንገዱ ሁሉ ሲዘጋ ጋሽ መኮንን ራሳቸው መላ ዘየዱ። «ለወረቀትም ለማሽንም ያልሆነ ነገር ለሽማግሌ ነው» አሉ። ከቢቸና የአባታቸውን ወንድም አያ ስማቸውን አስመጡ። እትዬ ወርቄም ከመርሐቤቴ የአባቷን እህት እማማ ትርንጎን አስመጣች። ቅዳሜ ከሥራ በኋላ ኮምፒዩተሩ ክፍል ተሰበሰብን። ጓድ ጥላዬም ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ማየት አለብኝ ብለው መጡ። ባለጉዳዮቹ ማዶና ማዶ ተቀምጠዋል። እትዬ ወርቄ ወለሉን ታያለች፤ ጋሽ መኮንን ኮፍያቸውን እንደ ልብስ ይጨምቁታል።

አያ ስማቸው ጋቢያቸውን አስተካክለው ማሽኑን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱት።

«በስተርጅና የወንድም ልጅ የወለደልኝ ይሄ ነው?»

ጓድ ጥላዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አያ ስማቸው፣ ታደሰ ወንድምዎ ነበሩ?»

«የናቴ ልጅ፣ ያባቴ ልጅ።»

«እማማ ትርንጎስ፣ ታደሰ ምንዎ ነበሩ?»

«ታናሼ ነዋ! በዚች ጀርባዬ ያዘልኩት።»

ሁለቱ ሽማግሎች ቀስ ብለው ዞረው ተያዩ።

«እንደዚህ ከሆነ እኔና እርስዎም እህትና ወንድም ነን ማለት ነው» አሉ አያ ስማቸው።

«ኧረ ቱ! እኔ እርስዎን በሕልሜም አይቼ አላውቅ!»

«እኔስ የት አውቄዎት!»

ጓድ ጥላዬ እንደ ዳኛ እጃቸውን አነሱ። «የአባታችሁን ስም ንገሩኝ።»

«ላቀው!» አሉ አያ ስማቸው።

«ላከው!» አሉ እማማ ትርንጎ በዚያው ቅጽበት።

«ላቀው ነው እንጂ! ከእኩዮቹ የላቀ!»

«ላከው ነው! እግዜር የላከው!»

የራስ ቅሌ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። «ቀ!» ብዬ ጮህኩ። እማማ ትርንጎ እባብ ያየሁ መስሏቸው እግራቸውን ወንበር ላይ ሰበሰቡ። «ቀና ከ! በአንድ ፊደል! የቁጠባው!»

ጓድ ጥላዬ ወደ መስኮቱ ዞረው ውጪውን ማየት ጀመሩ።

ጋሽ መኮንን ሊነሱ ሲሉ አያ ስማቸው በዱላቸው አስቀመጧቸው። «ቆይ። እህትና ወንድም አይደሉም፣ ተግባብተናል። ሊጋቡ ከሆነ ግን ሰባት ቤት መቆጠር አለበት። ይሄ ማሽናችሁ ስንት ቤት ይቆጥራል?»

«ሁለት» አልኩ አፍሬ።

«እንግዲያማ ገና ልጅ ነው።»

ቆጠራው ተጀመረ። አንዱን አያ ስማቸው ይጠራሉ፣ አንዱን እማማ ትርንጎ፤ እኔም እጽፋለሁ። ላቀው የእንግዳ ልጅ፤ ላከው የወልደ ጊዮርጊስ ልጅ። እንግዳ የዘለቀ፤ ወልደ ጊዮርጊስ የደስታ። ዘለቀ የገብረ ማርያም...

«ደስታ የገብረ ማርያም» አሉ እማማ ትርንጎ።

የእትዬ ወርቄ እጅ ወደ አፏ ሄደ። የጋሽ መኮንን ኮፍያ ከእጃቸው ወደቀ።

«የእናንተ ገብረ ማርያም ምን ዓይነት ሰው ነበር?» ሲሉ ጠየቁ አያ ስማቸው ዓይናቸውን አጥብበው።

«አጭር፣ ጥቁር፣ ኢላማ የማይስት ተኳሽ ነበር ይባላል።»

«ተመስገን! የእኛው ረጅም፣ ቀይ፣ አንድ ዓይና ነው። አይገናኙም።»

ሁላችንም ተነፈስን። እማማ ትርንጎ ግን እውነት የሚወዱ ሴት ናቸውና፣ «የእኛውም ቢሆን ሲተኩስ አንድ ዓይኑን ይጨፍን ነበር አሉ» ብለው ጨመሩ።

«እማማ!» አልን ሁላችንም በአንድ አፍ። ጓድ ጥላዬ ሳይቀሩ።

አያ ስማቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ አሰቡ። «የእናንተው የት ተቀበረ?»

«መርሐቤቴ፣ አጥቢያችን። መቃብሩን እኔው አሳያለሁ።»

«የእኛው ቢቸና ነው ያረፈው። ሰው ሁለት ቤት ሊኖረው ይችላል፤ ሁለት መቃብር ግን የለውም። ቀጥይ እህቴ።»

ቀጠሉ። ስድስተኛው ተለያየ። ሰባተኛውም ተለያየ። እማማ ትርንጎ እልልታውን ሲያቀልጡት የግቢው ዘበኛ እሳት ተነሣ ብሎ ባልዲ ይዞ መጣ።

ጓድ ጥላዬን እንዳትንቋቸው፤ ያን ያህል ጊዜ መስኮቱን ሲያዩ የቆዩት በከንቱ አልነበረም። ሰኞ ጠዋት የግድግዳ ጋዜጣው ላይ አዲስ ርዕስ ወጣ፦ «የማሽንን ስህተት ሰፊው ሕዝብ አረመ»። ለሚኒስቴሩም እንዲሁ ተጻፈ። ሁለተኛ ምስጋና መጣ።

ሠርጉ ዘነበወርቅ በእትዬ ወርቄ ግቢ ተደገሰ። አናጢዎቹ አልጋ ሠርተው ሰጡ፣ ቀለም ቅቦቹ አልጋውን ፊት እስኪያሳይ ቀቡት። ከሰፈር የተጠራ አንድ እንግዳ ጠጋ ብሎ «ሙሽራው ወንድሟ ነው ሲሉኝ አልነበረም እንዴ?» ቢለኝ፣ «ነበር፤ ተሻረ» አልኩት። ግራ ገብቶት ጠላውን ጨለጠ። ጋሽ መኮንን ያን ቀን ሲስቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሳቸውን አየሁት፤ ነጭ በነጭ።

ከሠርጉ ቀጥሎ ባለው ሰኞ ሥራ ስገባ የኮምፒዩተሩ ክፍል በር ላይ የሴት ጫማ ተደርድሯል። ከቀለም ቅብ፣ ከስፌት፣ ከወጥ ቤት፤ ፀሐይ እንኳ ከሒሳብ ክፍል መጥታለች። «ምን ልርዳችሁ?» አልኩ። ተሳሳቁ፣ ተገፋፉ። በመጨረሻ አንደኛዋ ደፍራ ተናገረች።

«ለእኛም እንደ ወርቄ ዓይነት ወንድም ፈልጊልን።»

ቀኑን ሙሉ ስፈልግላቸው ዋልኩ። እንደ ጋሽ መኮንን ያለ አልተገኘም፤ የሚገኘውም ወይ አግብቷል፣ ወይ ጡረታ ወጥቷል፣ ወይ በእውነት ወንድም ነው። ሲመሽ ሁሉም ጫማቸውን አድርገው ሄዱ። ብቻዬን ስቀር፣ ምን ቸገረኝ ብዬ፣ የራሴን አባትና የአያቴን ስም ጻፍኩና ጠየቅኩት። ማሽኑ ትንሽ አጉረመረመ። ከዚያ አንድ ሰው ተገኝቷል አለኝ።

ልቤ ዘለለ። ከፈትኩት።

እኔው ነኝ። ያላገባች፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ቅጣት የላት፣ ምስጋና የላት። አየኋት፣ አየኋት። ሌላ መጥቶ የሚወስዳት ስላልነበረ ማሽኑን አጠፋሁ፤ ሹራቧን አልብሼ፣ ጫማዋን አጥልቄላት፣ ወደ ቤቷ ይዣት ሄድኩ።